ልጄ ሃዋርድ ልግባ አለች፤ አጎቷ ደግሞ «ዲግሪውን ማን ይቀበላል?» ይላል

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ሃዋርድ፣ ሞርጋን ስቴትና ኮሌጅ ፓርክ ሦስቱም ተቀብለዋታል። ባዮሎጂ ተምራ ሐኪም መሆን ነው የምትፈልገው፤ ልቧ ሃዋርድ ላይ ነው። አጎቷ ግን ‹በር ሁሉ በተከፈተበት ዘመን የጥቁሮች ኮሌጅ ምን ያደርግላታል? ዲግሪዋንስ ማን ይቀበላታል?› ብሎ ቤቱን በጠበጠው። እነዚህ ኮሌጆች በእርግጥ ሥራቸው ምንድን ነው? ለእኛ ልጆችስ ይሆናሉ? የሃዋርድ የክፍያ ደብዳቤም መጥቷል፤ ደጋግሜ አንብቤው ሊገባኝ አልቻለም።»

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ሦስቱም ቦታ መቀበል ቀላል ነገር አይደለም።

የአጎቷን ስጋት አስቀድመን እንጨርሰው። የጥቁሮች ኮሌጅ የሚባሉት ሃዋርድም፣ ሞርጋን ስቴትም፣ ሌላው ኮሌጅ ፓርክም (የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ) አክሬዲቴሽን፣ ማለትም የትምህርት ጥራት እውቅና፣ የሚያገኙት ከአንድ አካል፣ ከሚድል ስቴትስ ኮሚሽን ነው። ዲግሪው ይታወቃል ወይ ለሚለው ጥያቄ የሦስቱም መልስ አንድ ነው። በዚያ ላይ ሃዋርድ በ2025 ዩኒቨርሲቲዎችን በደረጃ በሚለየው በካርኔጊ ምደባ «አር ዋን» የሚባለውን ከፍተኛውን የምርምር ደረጃ አግኝቷል፤ ኮሌጅ ፓርክ ያለውም እዚያው ደረጃ ላይ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ዲግሪውን ማን ይቀበላል የሚለው አያሳስብዎ። ሊያሳስብዎ የሚገባው ገንዘቡ ነው። የገንዘቡ ነገር ደግሞ ታሪኩን ካላወቁ አይገባም፤ የእነዚህ ኮሌጆች ታሪክ እስከ ዛሬ የሚነበበው በተማሪው ቢል (የክፍያ ደረሰኝ) ላይ ነው።

እነዚህ ኮሌጆች ኤችቢሲዩ (በታሪክ የጥቁሮች ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች) ይባላሉ፤ ይህም የሕግ ስም ነው። የ1965ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ እንደሚለው ከ1964 በፊት የተቋቋመ፣ ዋና ዓላማው ጥቁር አሜሪካውያንን ማስተማር የሆነ፣ አክሬዲትድ የሆነ ወይም ወደዚያ እየተጓዘ ያለ ኮሌጅ ነው ይህን ስም የሚይዘው። ዛሬ የሚከፈት ኮሌጅ ተማሪዎቹ በሙሉ ጥቁር ቢሆኑ እንኳ ኤችቢሲዩ አይባልም፤ መዝገቡ ተዘግቷል። በ19 ስቴቶች፣ በዋሽንግተን ዲሲና በዩ ኤስ ቨርጂን ደሴቶች ወደ መቶ ገደማ አሉ፤ ግማሽ ያህሉ የመንግሥት፣ የቀሩት የግል ናቸው። ከአሥር ሺህ በላይ ተማሪ ያለው አለ፤ ጥቂት መቶ ብቻ ያለውም አለ። «ኤችቢሲዩ ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ በጅምላ መጠየቅ «የመርካቶ ዕቃ ጥሩ ነው ወይ?» እንደማለት ነው። የትኛው ሱቅ? ምን ዕቃ?

ለሌላው ዝግ ናቸው የሚባለውም ትክክል አይደለም። ዛሬ ሩብ ያህሉ ተማሪ ጥቁር አይደለም። ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ብሉፊልድ ስቴት ኤችቢሲዩ ሆኖ ሳለ አብዛኛው ተማሪው ነጭ ነው። በዘር ሰውን ከበር የመመለስ ልማድ የነበረው በሌላው ወገን ነው።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት በብዙዎቹ የደቡብ ስቴቶች ባሪያን ማንበብ ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር። ሰሜን ላይ ቼይኒ በ1837፣ ሊንከን በ1854 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ዊልበርፎርስ በ1856 ኦሃዮ ውስጥ ተጀምረዋል። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ነፃ የወጣው አራት ሚሊዮን ሕዝብ መምህር ያስፈልገው ነበር፤ ቦዊ ስቴት በ1865፣ ፊስክ በ1866፣ ሃዋርድ፣ ሞርጋንና ሞርሃውስ በ1867 የተከፈቱት በዚህ ምክንያት ነው። አብዛኞቹ ሲጀምሩ ከስማቸው በቀር ኮሌጅ አልነበሩም። ፊደል አስቆጥረው፣ ቁጥር አስተምረው፣ ከዚያ መምህርና ቄስ አድርገው ያወጡ ነበር። የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ቀስ በቀስ ነው የመጣው።

ለሜሪላንድ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው የሕግ ትምህርት ቤቱ ታሪክ ነው። የባልቲሞሩ ልጅ ተርጉድ ማርሻል በ1930 ሕግ ለመማር ሲነሣ፣ የገዛ ስቴቱ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር አይቀበልም ነበር። ከባልቲሞር በየቀኑ በባቡር እየተመላለሰ ሃዋርድ ተማረ፤ በ1933 በአንደኝነት ጨረሰ። ትምህርት ቤቱን ይመራ የነበረው ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ቀድሞ የማታ የነበረውን ትምህርት ወደ ሙሉ ጊዜ ለውጦ፣ በ1931 የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር አክሬዲቴሽን አስገኝቶለት፣ ተማሪዎቹን በመለያየት ሕግ ላይ ለሚደረግ ክርክር ያዘጋጅ ነበር። ማርሻል በተመረቀ በሁለት ዓመት ውስጥ እሱና ሂውስተን ዶናልድ መሪ ለተባለ ጥቁር አመልካች ቆመው ያንኑ የሜሪላንድ የሕግ ትምህርት ቤት ከሰሱ፤ በ1935 ረቱ፣ በ1936 ይግባኙም ጸና። ልጅዎን ኮሌጅ ፓርክ ዛሬ «እንኳን ደህና መጣሽ» ሲላት፣ አጎቷ «ተከፈተ» የሚለው በር የተከፈተው ከሃዋርድ በወጡ ሰዎች ጉልበት ነው። በ1954 ብራውን በተባለው ክስ የትምህርት ቤቶችን መለያየት በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያስሻረውም ይኸው ማርሻል ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በ1890 ኮንግረስ ያወጣው ሁለተኛው የሞሪል ሕግ ለስቴቶች ምርጫ ሰጠ፦ የእርሻና የቴክኒክ ኮሌጃችሁ ዘር ሳይለይ ይቀበል፣ አለዚያም ለጥቁሮች ሌላ ክፈቱ። ደቡቦቹ ሌላ መክፈቱን መረጡ። ሜሪላንድ ውስጥ ኮሌጅ ፓርክ የመጀመሪያው የሞሪል ሕግ ኮሌጅ ሆኖ ሳለ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኢስተርን ሾር የሁለተኛው ሆነ። የፌዴራል ገንዘብ ሲመጣ ስቴቱ እኩል ማዋጣት አለበት፤ ብዙ ስቴቶች ግን ለነጮቹ ኮሌጅ ሙሉውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እየከፈሉ ለጥቁሮቹ ሲሆን ያጓድሉ ነበር። በ2023 የትምህርትና የእርሻ ሚኒስትሮች ለ16 ስቴት ገዥዎች በጻፉት ደብዳቤ ከ1987 እስከ 2020 ብቻ የጎደለው ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን አስታውቀዋል። ሜሪላንድ ከ16ቱ አንዷ ናት።

ሌላው ጉዳት ከዚህ ይረቅቃል። ሞርጋን የቢዝነስ ማስተርስ ነበረው። በ2005 ስቴቱ የሞርጋንን ተቃውሞ አልፎ ታውሰንና የባልቲሞር ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያንኑ ፕሮግራም እንዲከፍቱ ፈቀደ፤ ሁለቱም ያሉት በዚያው በባልቲሞር አካባቢ ነው። ይህ ለምን ይጎዳል? አንድ ፕሮግራም በአካባቢው ብቸኛ ሲሆን የሁሉም ዘር ተማሪ ይመጣል፣ ክፍያ ይገባል፣ መምህር ይቀጠራል። ጎረቤት ሲደገም ተማሪው ይከፈላል፤ የተሻለ ሕንፃ ያለው ይወስደዋል። በ2006 የተከፈተው ክስ በ2013 ይህን መደጋገም የመለያየት ቅሪት ነው የሚል ፍርድ አገኘ፤ በ2021 ሜሪላንድ ለአራቱ ኤችቢሲዩዎቿ፣ ለሞርጋን፣ ለቦዊ፣ ለኮፒንና ለኢስተርን ሾር፣ በአሥር ዓመት 577 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ገንዘቡ አሁን እየገባ ነው፤ ሞርጋንን ከአሥር ዓመት በፊት በነበረው ስሙ መመዘን ስህተት የሚሆነው በዚህም ምክንያት ነው።

የግሎቹ ችግር ደግሞ የተቀማጭ ሀብት ነው። ትልልቆቹ የነጮች ዩኒቨርሲቲዎች የሚኖሩት ከቀድሞ ምሩቃን በተከማቸ ገንዘብ ነው፤ ሃርቫርድ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ አለው። ልጆቻቸውን ለማስተማር ሲሉ ዕዳ ውስጥ የገቡ የጥቁር ምሩቃን ቤተሰቦች እንዲህ ያለ ክምችት ከየት ያመጣሉ? ሃዋርድ ኮንግረስ በየዓመቱ ከሚመድብለት ገንዘብ የተነሣ ከብዙዎቹ ይሻላል፤ ግን ለገባ ተማሪ ሁሉ የጎደለውን የሚሞላ አቅም የለውም። ኮሌጁ መሙላት ያልቻለውን ወላጅ በብድር ይሞላዋል። የደብዳቤዎን ምስጢር እዚህ ያገኙታል፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

«ዛሬ ምን ያደርጋሉ?» ለሚለው፦ በ1976 ገደማ ጥቁር ተማሪዎች ከሚያገኙት የመጀመሪያ ዲግሪ ከሦስት አንዱ ከኤችቢሲዩ ነበር፤ አሁን ከመቶ 13 ያህል ነው። የቀነሰው ሌሎቹ በመከፈታቸው ነው። ግን እነዚህ ኮሌጆች ከአገሪቱ ኮሌጆች 3 በመቶ ያህል እንኳ እንደማይሞሉ አይርሱ። በሳይንስና በምህንድስና ዶክትሬት ከሚይዙ ጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ ሩብ ያህሉ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዚያ ነው።

ልጅዎ ሐኪም መሆን ስለምትፈልግ የሕክምናውን ለይቼ ልንገርዎ። በ1910 የአገሪቱን የሕክምና ትምህርት ቤቶች የገመገመው የፍሌክስነር ሪፖርት ሲወጣ ሰባት የጥቁሮች የሕክምና ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ አምስቱ ተዘግተው ሃዋርድና ናሽቪል ያለው ሜሃሪ ቀሩ። ለአሥርት ዓመታት አብዛኛው ጥቁር ሐኪም የሚወጣው ከእነዚህ ሁለት በሮች ነበር። በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ግን ስሙ የሚጠራው ኒው ኦርሊንስ ያለው፣ ጥቂት ሺህ ተማሪ ብቻ ያለው፣ ካቶሊኩ ዛቪየር ነው፤ ጥቁር ተማሪዎችን ለሕክምና ትምህርት ቤት በማብቃት በአገሪቱ ግንባር ቀደም ነው። የሚሠራው ተአምር የለም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪን ተማሪ ለማጣራት ይጠቀሙበታል፦ አዳራሽ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው፣ ሁለት ፈተና፣ የወደቀ ሌላ ዲፓርትመንት ይፈልግ። ዛቪየር ያንኑ ኮርስ ተማሪ ለማቆየት ይጠቀምበታል፦ የተዘጋጀ የልምምድ መጽሐፍ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሰጥ አጭር ፈተና፣ አስገዳጅ የቡድን ጥናት፣ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የሕክምና ማመልከቻዋን የሚከታተል አማካሪ። ይህ አሠራር የኤችቢሲዩ ብቻ አይደለም፤ እዚሁ ባልቲሞር አጠገብ ያለው ዩ ኤም ቢ ሲ ኤችቢሲዩ ሳይሆን በማየርሆፍ ፕሮግራሙ ተመሳሳይ ነገር ይሠራል። ስለዚህ የሚመረጠው አሠራሩ ነው።

ድክመታቸውንም አልሸፍንም። በስድስት ዓመት የሚያስመርቁት ስንቱን ነው ቢሉ፣ ኮሌጅ ፓርክ ከአሥር ወደ ዘጠኝ ይጠጋል፤ አትላንታ ያለው የሴቶች ኤችቢሲዩ ስፔልማን ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ሞርጋን ከግማሽ በታች ነው። አጎቷ ይህን ቁጥር ካገኘ ይዞ ይሟገታል። ቁጥሩ ግን ትምህርቱን ብቻ አይለካም። ኤችቢሲዩ ከሚገቡት አብዛኞቹ ፔል ግራንት የተባለውን የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ የሚያገኙ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ናቸው፤ የሚያቋርጡትም ብዙ ጊዜ በኤፍ ውጤት ሳይሆን በገንዘብ ነው። ሂደቱ የታወቀ ነው፦ ባለፈው ሴሚስተር ሁለት ሺህ ዶላር ቀረ፤ «ሆልድ» ተደረገ፤ ለሚቀጥለው መመዝገብ አልቻለችም፤ የያዘቻቸው ኮርሶች ተሰረዙ፤ ሲከፈል የምትፈልገው ላብ ሞልቷል፤ ከሙሉ ጊዜ ክሬዲት ስትወርድ ስኮላርሺፑ ተቋረጠ። ልጅዎን በተመለከተ ይህን ሰንሰለት መበጠስ ነው ዋናው ሥራ።

ደብዳቤውን አብረን እናንብበው። ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል ነው የማስቀምጠው፤ የእርስዎን እያስገቡ ይከተሉ። ትምህርትና ልዩ ልዩ ክፍያ 38,000፣ ዶርምና ምግብ 18,000፣ ድምር 56,000 ዶላር በዓመት። ከታች «ጠቅላላ እርዳታ 27,000» ይላል። ይህ 27,000 የተሠራው ከስኮላርሺፕ 15,000፣ ከፔል 4,000፣ ከፌዴራል ተማሪ ብድር 5,500 እና ከወርክ ስተዲ 2,500 ነው። እርዳታ የሚባለው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ 19,000። ብድሩ ዕዳ ነው። ወርክ ስተዲ ደግሞ ሥራ አግኝታ በሠራችበት ሰዓት ልክ በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈላት ደሞዝ እንጂ ከቢሉ ላይ የሚቀነስ አይደለም። ስለዚህ 56,000 ሲቀነስ 19,000፣ ሲቀነስ 5,500፤ የሚቀርዎት 31,500 ነው፣ በየዓመቱ።

ኮሌጁ ይህን ክፍተት «ፓረንት ፕላስ» ብሎ ይሞላዋል፤ በእርስዎ ስም የሚወሰድ የፌዴራል ብድር ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የጎደለውን ያህል መውሰድ ይቻል ነበር። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ግን አዲስ ተበዳሪ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በአጠቃላይ ከ65,000 ዶላር በላይ መውሰድ አይችልም። ይህን ከላይ ካለው ሂሳብ ጋር ያያይዙት። ሙሉውን 20,000 ቢወስዱ እንኳ 11,500 ከኪስ ይቀራል። ሦስት ዓመት ሲወስዱ 60,000 ይሆናል፤ ለአራተኛው ዓመት የሚቀርዎት 5,000 ብቻ ነው። ማለትም ጉድጓዱ የሚከፈተው ልጅቱ አንድ ዓመት ሲቀራት ነው፤ ያኔ ወደ ሌላ ኮሌጅ መዛወር ደግሞ ክሬዲት ያስቆርጣል። በዚያ ላይ ከብድሩ ከ4 በመቶ በላይ አስቀድሞ ይቆረጣል፤ 20,000 ፈርመው ኮሌጁ የሚደርሰው ከ19,200 ያነሰ ነው። ወለዱም ሰሞኑን 9 በመቶ ገደማ ነው። ፕላስ በክሬዲት ምክንያት ከተከለከሉ አይደንግጡ፤ የክልከላውን ደብዳቤ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሲያቀርቡ ልጅቱ በራሷ ስም በመጀመሪያው ዓመት 4,000 ዶላር ተጨማሪ መበደር ትችላለች።

አሁን ብዙ የአካባቢያችን ወላጅ የማያስበው ነገር አለ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሃዋርድ በሬድ ላይን ተሳፍሮ ፎርት ቶተን ላይ ወደ ግሪን ላይን ቀይሮ ሾው–ሃዋርድ መውረድ ነው፤ ከቤት መመላለስ ይቻላል። ዶርሙና ምግቡ ሲወጣ የቀረው 31,500 ወደ 13,500 ይወርዳል። ነገር ግን ሁለት ነገር አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ዶርም እንድትኖር ግዴታ ካለ ለአካባቢው ነዋሪ ፈቃድ ይሰጣል ወይ? ስኮላርሺፑስ ከፊሉ ለዶርም የተመደበ ነው ወይ? ከሆነ ቤት ስትኖር ያ ክፍል ይቀራል። ልጅቱ እንደምትናደድ አውቃለሁ፤ የዶርም ሕይወት ግማሹ ትምህርት ነው የሚሉትም አይሳሳቱም። አንድ ዓመት ዶርም፣ ከዚያ ቤት፣ ብለው መደራደር ይቻላል።

ሞርጋንና ኮሌጅ ፓርክ የመንግሥት ናቸው፤ ለሜሪላንድ ነዋሪ የሞርጋን የትምህርት ክፍያ በዓመት 8,000 ዶላር ገደማ ነው። የሜሪላንድ የሮሊንግስ እርዳታዎችም (ጋራንቲድ አክሰስና ኢዱኬሽናል አሲስታንስ የሚባሉት) የሚሠሩት በመርህ ደረጃ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ ኮሌጅ ነው። ሃዋርድ ዲሲ ስለሆነ ያ ገንዘብ ድንበሩን አይሻገርም። ለዚህ ፋፍሳ (የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ) እስከ ማርች 1 መሞላት ነበረበት፤ ሞልተው ከሆነ የሜሪላንድ የእርዳታ አካውንታችሁን ገብታችሁ ምን እንደተመደበ እዩ። ዋጋ ብቻ ለሚያይ ሰው ደግሞ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ኤሊዛቤት ሲቲ ስቴትና ፌየትቪል ስቴት የተባሉ ሁለት ኤችቢሲዩዎች ከሌላ ስቴት የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 2,500 ዶላር ብቻ የትምህርት ክፍያ ያስከፍላሉ። ታናሽ ካላት ይመዝግቡት።

ፋፍሳ ላይ የእኛ ሰው የሚሰናከለው በስም ነው። የልጅቱ ላስት ኔም የአባቷ ስም ወይም የአያቷ ነው፤ የእርስዎ ደግሞ ሌላ። ይህ በራሱ ችግር አይደለም። ችግር የሚሆነው ግሪን ካርዷ ላይ «ሔለን» በአንድ ፊደል፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዷ ላይ በሌላ ፊደል ሲጻፍ፣ ወይም የልደት ቀኗ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር በጥቂት ቀናት ሲዛነፍ ነው። ፋፍሳ ከሶሻል ሴኩሪቲ ጋር ያመሳክራል፤ ካልገጠመ ፎርሙ ይቆማል፤ የቆመ ፎርም ላይ ስኮላርሺፕም አይለቀቅም። ፋፍሳው ላይ የሚጻፈው ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ያለው ነው፤ ስህተቱ ካርዱ ላይ ከሆነ እሱን ማስቀየር ሳምንታት ስለሚወስድ ዛሬውኑ ይጀምሩ። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰውና በስደተኛነት (ሬፊውጂ) የገባ የፌዴራል እርዳታ ያገኛሉ፤ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ ያለው ወይም የጥገኝነት ጉዳዩ ያልተወሰነለት አያገኝም። ለአገር ቤት ዘመድ በየወሩ የሚልኩትን ፎርሙ አይጠይቅም፤ የደረሰኝ ኮፒ ይዘው ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ማስረዳት ግን ይቻላል፣ መቀበል አለመቀበል የእነሱ ውሳኔ ነው።

«ለእኛ ልጆች ይሆናሉ ወይ?» ላሉት፣ ሃዋርድ ለሐበሻ እንግዳ ቤት አይደለም። መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማረው እዚያ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በጥቁር አሜሪካውያን መካከል ለኢትዮጵያ ድጋፍ ያሰባሰበውም ሃዋርድ ሳለ ባገኛቸው ሰዎች በኩል ነው። ከ1922 ጀምሮ እዚያው የአፍሪካን ታሪክ ያስተማረው ሊዮ ሃንስበሪ፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች አፍሪካ ታሪክ የላትም በሚሉበት ዘመን ስለ አክሱም ያስተምር ነበር፤ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ወስዷል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከ1972፣ ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ከ1975 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። በ2016 ደግሞ የሃዋርድ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ከስብስቡ አንድ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መልሷል፤ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ዛሬም ስንቱን እንደያዙ ስናስብ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጅቱ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሆና ነው የምትኖረው፤ ቤት ውስጥ ሐበሻ መሆን ያልመለሰላትን አንዳንድ ጥያቄ እዚያ ልታገኘው ትችላለች። ሃዋርድ ላይ ልቧ ያረፈው በዚህ ከሆነ ተራ የልጅ ምኞት አድርገው አይዩት።

ሆኖም ሐኪም ለመሆን ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ አራት ዓመት አለ። የፓረንት ፕላስን ገደብ ያመጣው ያው አዲስ ሕግ ለሕክምና ተማሪ የሚሰጠውን የፌዴራል ብድር በዓመት 50,000፣ በጠቅላላ 200,000 ዶላር ላይ ገድቦታል፤ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚገባበት ዕዳ የኋላውን በር ያጠባል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሃዋርድ ስኮላርሺፑን አሻሽሎ፣ ወይም ቤት ሆና ተመላልሳ፣ ያለ ፓረንት ፕላስ ወይም በትንሽ ፕላስ አራቱንም ዓመት መጨረስ ከቻለች ትሂድ፣ አይያዟት። ክፍተቱ 31,500 ሆኖ ከቀረ አይፈርሙ፤ ኮሌጅ ፓርክ ወይም ሞርጋን ትግባና የሃዋርድን በር በሕክምና ትምህርት ቤቱ በኩል ታንኳኳው። በሁለቱ መካከል ሞርጋን ጥሩ ስኮላርሺፕ ከሰጣትና ትንሽ ክፍል ከፈለገች ሞርጋን፤ የምርምር ላብ ብዛት ካሳሰባት ኮሌጅ ፓርክ።

ከዚያ በፊት ግን ሃዋርድን አንድ ጊዜ ይጠይቁ። አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ በልጅቱ ስም፣ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮና ለባዮሎጂ ዲፓርትመንት። የኮሌጅ ፓርክንና የሞርጋንን የእርዳታ ደብዳቤ አያይዙ፤ የሚጎድለውን ቁጥር በግልጽ ይጻፉ («ልዩነቱን ካገኘሁ እመጣለሁ»)፤ ገቢያችሁ ከፋፍሳው ዓመት ወዲህ ከቀነሰ ማስረጃውን ያክሉ። በዚያው ኢሜይል እነዚህን ያስጠይቋት፦ ስኮላርሺፑ ለአራት ዓመት ነው ወይስ ለአንድ? ለማቆየት ስንት ጂፒኤ ያስፈልጋል፣ በዓመትስ ስንት ክሬዲት? ክፍያው ሲጨምር ስኮላርሺፑም ይጨምራል? ከውጭ ሌላ ስኮላርሺፕ ብታመጣ የሃዋርዱን ይቀንሱባታል? ባለፉት ዓመታት ለሕክምና ካመለከቱት የባዮሎጂ ተማሪዎች ስንቱ ገቡ፣ አመልካቾችን የሚገመግመው የኮሌጁ ኮሚቴስ ከማመልከታቸው በፊት ስንቱን «ቆይ» ብሎ ያስቀራል? የመጨረሻውን ጥያቄ ለሦስቱም ኮሌጆች ያቅርቡ፤ የአንዳንዶቹ የመግቢያ መጠን ከፍ የሚለው ደካማ የመሰላቸው ተማሪ እንዳያመለክት ስለሚያደርጉ ነው። በስልክ የተሰጠ መልስ አይቁጠሩ፤ በኢሜይል ይምጣ።

ዲፖዚት (የቦታ ማስያዣው) የሚከፈለው እስከ ሜይ 1 ነው። መልሱ እስከዚያ ካልመጣ በኢሜይል የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቁ፤ ጠያቂ ብዙ ስለማይሆን ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ። የዶርም ዲፖዚት ከመግቢያው የተለየ ነው፤ የሚመለስ መሆኑን ሳያጣሩ ካርድዎን እንዳያስገቡ።